ከመጥፋታችሁ በፊት ሬጅስትራሩን አንኳኩ

የኮሌጅ ምዝገባ ስለደረሰ ነው መሰለኝ፣ የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ሁሉ እዚያው ላይ ናቸው። ከድሬም ከሐረርም። አዲስ ለሆናችሁ፣ እዚሁ ድሬዳዋ አንዲት ትንሽ የመንግሥት ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪ ሲገባም፣ ተመርቆ ሲወጣም፣ አንዳንዴም ምንም ሳይል ሲጠፋ በዚያች መስኮት በኩል አይቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። «አንቺ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ግን አልነካሁትም፤ ድሬ ላይ አንቱታ አናበዛም፣ እኔም እንደዚያው ነው የሚመቸኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ልጄ 12ኛ ክፍል ተፈትና 50 ከመቶ አላመጣችም። አባቷ ድጋሚ ትፈተን ይላል። እሷ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ካልተማርኩ ብላ ሙጭጭ ብላለች። እኔ ደግሞ ጎረቤት ምን ይለኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? *እናት፣ ከሳቢያን*

መልስ፦ እናት ዓለም፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገርሽ። በ2014 ዓ.ም. 12ኛን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ያንቺ ልጅ ያለችበት ነው ያለው። ይሄን ሁሉ ልጅ ወዳቂ ብለን ልንተወው ነው?

አባቷ ያለውም ይቻላል፣ ድጋሚ መፈተን አለ። ነጥቧ ለሪሚዲያል፣ ማለትም 50 ላልደረሱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ከበቃም ያ ሌላ መንገድ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው፣ መቁረጫ ነጥቡ ግን በየዓመቱ ስለሚለያይ የዘንድሮውን ማየት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። እኔ በመስኮቷ በኩል «ምን መማር ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ የሚመልሱልኝ «ያለውን» ብለው ነበር። ኤሌክትሪክ ካልሆነ ብላ የምትሟገት ልጅ ብዙ አልገጠመችኝም። ስሚያት።

ቴክኒክና ሙያው ራሱን የቻለ መስመር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያሉት በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነው፣ ይሄኛው ግን ከ2014 ጀምሮ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዷል። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል። ደረጃዋን ስትጨርስ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ትወስዳለች፤ ካለፈች በዚያ ሙያ መሥራት እንደምትችል የሚመሰክር ወረቀት በእጇ ይገባል። ደግሞም 70 በመቶው ሥልጠና ሥራ ቦታ ላይ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ እንዲሆን ነው አሠራሩ የተቀረጸው፣ ስለዚህ ገና ሳትመረቅ ከሙያው ሰዎች ጋር ትተዋወቃለች።

ጎረቤቱን በተመለከተ፣ ድሬ ራሷ በምን እንደቆመች አስቢ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ የደረሰ ጊዜ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ ከባድ ስለነበር ነው እዚህ ሜዳ ላይ ከተማ የተቆረቆረው፣ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። ቶርኖ እያዞረ፣ ብረት እየበየደ፣ ሞተር እየፈታ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው ይቺን ከተማ የሠራት። አሁንም የኤሌክትሪክ ባቡሩ አለ፣ ከነሐሴ 2014 ጀምሮም ነፃ የንግድ ቀጠናው አለ። ሽቦ የምታውቅ ልጅ ለድሬ ታስፈልጋለች። የድሬ እናት በእጅ ሙያ የምታፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሥራው። ከመመዝገቧ በፊት አብራችሁ ኮሌጁ ሂዱና ወርክሾፑን ክፍት ሆኖ እዩት። ስንቱ ተማሪ እጁ ላይ መሣሪያ አለ? ወይስ ሃያው ቆሞ አንዱ ሲሠራ ያያል? ሲኦሲ ስንቱ አለፈላችሁ ብላችሁም ጠይቁ፣ ማፈር የለም። ጠዋት ሂዱ ታዲያ፤ ከሰዓት በዚያ ሙቀት እናንተም ትደክማላችሁ፣ ሰውም አታገኙም።

የ8ኛ ክፍል ካርዷን፣ የ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕቷን፣ የ12ኛ ውጤቷንና መታወቂያዋን ከነኮፒው ያዙ። ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ቤት ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ አስተያዩ። ይሄን የምለው ብዙ ዕንባ ስላየሁበት ነው። መሐመድ የሚለው የአባት ስም በአንድ ልጅ ፋይል ውስጥ በአራት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቼ አውቃለሁ፤ ስምንተኛ ላይ አንድ፣ ትራንስክሪፕት ላይ ሌላ፣ መታወቂያ ላይ ሌላ። በምዝገባ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር በምረቃ ጊዜ ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልሽ ከሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። የመንግሥት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ አረገዝኩ። በጣም ያመኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር ትምህርቱን ትቼ ቀረሁ። ፈተናም አልተፈተንኩም። አሁን ልጄ ዘጠኝ ወር ሆኖታል፣ እናቴ ልያዝልሽ ሂጂ ትለኛለች። ግን ምን ብዬ ልመለስ? በኮሌጁ በር ሳልፍ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። *ሃ.*

መልስ፦ የኔ እህት፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ወይም በእናንተ ቤት እንደሚባለው አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤሽን ሳነብ የብዙ ልጅ ፊት ነው የመጣብኝ።

ያንቺን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፣ እኔም ስለደረሰብኝ። ተማሪ ሆኜ እናቴ ታማ አስታማሚ እኔ ነበርኩ። ሳምንት ቀረሁ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ «አሁንማ ምን ብዬ እሄዳለሁ» አልኩና ቀረሁ። በዓመቱ ስመለስ የውጤት ወረቀቴን አወጡልኝ። ከላይ እስከ ታች ኤፍ። የታመመች እናት የሚል የትም አልተጻፈም። ወረቀት የሚያውቀው የተጻፈበትን ብቻ ነው። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ፣ ዳርና ዳሯ አልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዊዝድሮዋል የሚሉትን የማቋረጫ ፎርም ሞልቶ የወጣ ተማሪ ትምህርቱ «አቋርጧል» ተብሎ ይያዝለታል፣ የጀመረው አይበላሽም፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሳይሞላ የጠፋ ግን ያልተፈተነው ፈተና እንደ ወደቀ ሊቆጠርበት ይችላል፣ ከዚያ ነጥቡ ይወርዳል፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ መባረር። ሁለቱ ተማሪዎች የቀሩት በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው አንድ ገጽ ፎርም ነው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ላይብረሪ፣ ስቶርና ዲን የሚፈርሙበት። ግፋ ቢል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ ቢሆን ወንድምሽ ወይም እናትሽ የሐኪም ወረቀት ይዘው ሄደው ማሳወቅ ይችላሉ።

ያ አልፏል፣ አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ፊትሽን ወደ በሩ መልሺና ግቢ። መጀመሪያ ወደ ሬጅስትራር አትሂጂ፣ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ካለ እዚያ ጀምሪ። ብዙዎቻችሁ ይሄ ቢሮ ሞዴስ ከማደል ሌላ ሥራ ያለው አይመስላችሁም። አብራሽ ዲኑ ጋ ገብታ የምታስረዳ ሰው የምታገኚው ግን እዚያ ነው፣ ብቻሽን ስትገቢና ከሰው ጋር ስትገቢ የሚሰጥሽ መልስ እኩል አይሆንም። ይሄ ደስ የሚል ነገር ባይሆንም እውነት ነው። ቢሮው ከሌለ ወደምትቀርቢያት መምህርት ሂጂ።

ከዚያ የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ ጻፊ፣ ሪአድሚሽን የሚሉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ስምሽ፣ መታወቂያ ቁጥርሽ፣ የትኛው ዓመትና ሴሚስተር ላይ እንደቆምሽ፣ ለምን እንደቆምሽ፣ መቼ መመለስ እንደምትፈልጊ። ይቅርታ አታብዢ፣ ወንጀል አልሠራሽም። የእርግዝና ክትትል ካርድሽንና የልጅሽን የክትባት ካርድ ኮፒ አያይዢ፣ ቀን ስላለባቸው ላንቺ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱን ይወስዳሉ፣ አንዱ ላይ ቀንና ቁጥር ጽፈው ማኅተም ያድርጉልሽ። «ግዴለም፣ ተቀብለናል» ቢሉሽ እንኳ ማኅተም ሳይደረግልሽ እንዳትወጪ። ሰው ይዛወራል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ማኅተም ያለበት ኮፒ ግን አንቺ ቤት ነው።

ኮሌጆች ለመልሶ ቅበላ የጊዜ ገደብ አላቸው፣ ከኮሌጅ ኮሌጅም ይለያያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄን ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በመሐል ተቀይሮ ከሆነ አንድ ሁለት ነገር ድገሚ ሊሉሽ ይችላሉ። ይደገማል። ዘጠኝ ወር ሌሊት ሌሊት የተነሳች ሴት አንድ ሞጁል አያቅታትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለኮሌጆቻችን ልበል፣ ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ስለሆነ። ተማሪ ሦስት ቀን ሲቀር የሚደውልለት ሰው ይመደብ። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተር። ትንሽ ኮሌጅ ያላት ትልቁ ሀብት እኮ ልጆቿን በስም ማወቋ ነው። የሚጠፉብን ልጆች ባብዛኛው ሰነፎቹ አይደሉም፤ የታመሙ፣ ያገቡ፣ ቤታቸው ችግር የገባ፣ የቤት ኪራይ ያቃታቸው ናቸው። ስልኩ ቢጮህላቸው ግማሾቹ ይመለሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሃ.፣ ስትመለሺ ጻፊልኝ። በእውነት ነው የምልሽ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ አቦ እንዴት ነሽ? ገንደ ቆሬ ነው የምሠራው፣ ባጃጅ ጥገና። ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ ሞተሩን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገጥመው። ግን ወረቀት የለኝም። ድርጅት ልቀጠር ስል ሰርተፊኬት ይሉኛል። አሁን ከእንደገና ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ልማር?

መልስ፦ አቦ ደህና ነኝ። ላንተ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ሲኦሲ የሚጠይቅህ ምን እንደምትችል ነው፣ የት ተማርክ የሚለው ሁለተኛ ነው። በጋራዥ የተማረም መጥቶ መመዘን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ከመቀመጥህ በፊት ወደ ብቃት ምዘናው ሄደህ «በልምድ ያገኘሁትን ሙያ መመዘን እፈልጋለሁ» በል። ከየትኛው ደረጃ መጀመር እንዳለብህና ክፍያውን ይነግሩሃል።

ግን እንዳትሸወድ። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው። የጋራዥ ልጆች የሚቸገሩት በተግባሩ አይደለም። የዕቃውን ስም እናንተ በጣልያንኛም በአማርኛም በሰፈር ቋንቋም ነው የምትጠሩት፣ ወረቀቱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ሊመጣ ይችላል። ደግሞ መዛኙ የሚያየው ሞተሩ መነሳቱን ብቻ አይደለም፤ ከመጀመርህ በፊት ባትሪውን ነቀልክ ወይ፣ ጓንት አደረግክ ወይ፣ ዘይቱን የት ደፋህ፣ ዕቃውን ጠርገህ መለስክ ወይ። እነዚህ ነጥብ ናቸው። አንተ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ዘይቱን የት እንደምትደፋ እኔም አንተም እናውቃለን።

ስለዚህ ወደ ኮሌጁ ሂድና የሙያህን የሙያ ደረጃ ሰነድ ጠይቅ። ምን ምን ትመዘናለህ የሚለው መስመር በመስመር እዚያ ላይ አለ። ከጎኑ በእርሳስ ምልክት እያደረግክ ሂድ፣ የምታውቀውን እለፍ፣ የማታውቀውን ብቻ ያዝ። ለዚያ አጭር ሥልጠና ወይም የማታ ክፍል ካለ ግባ፤ ማታው ባብዛኛው በክፍያ ነው፣ ግን ጋራዥህን አትዘጋም። የመጀመሪያው ላይ «ገና ብቁ አይደለም» ቢሉህ «ገና» የምትለዋን ቃል ያዝ። ያላለፍክበትን አጠናክረህ ተመልሰህ ትመዘናለህ።

ጥያቄ፦ የትብብር ሥልጠና ብለው አንድ ድርጅት ላኩኝ። ብየዳ ነው የምማረው። አንድ ወር ሙሉ ግቢ ስጠርግ፣ ሻይ ሳመላልስ ከረምኩ። ብናገር ደግሞ ውጤቴን ያበላሹብኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህ ገብቶኛል። ሻይ አንድ ቀን ማምጣት ምንም አይደለም፣ በየሥራ ቦታው አዲስ ሰው ያመጣል። አንድ ወር ግን ትምህርትህን መውሰድ ነው።

ሎግ ቡክ፣ የየቀን ሥራህን የምትመዘግብበት ደብተር፣ ሰጥተውሃል አይደል? የዛሬውን ዛሬ ጻፍ። «ሰኞ፣ ግቢ ጠረግኩ። ማክሰኞ፣ ብረት ከመኪና አወረድኩ።» ስሞታ አታድርገው፣ የሆነውን ብቻ ጻፍ። አርብ አርብ የድርጅቱ አሠልጣኝ ይፈርምበት። ኮሌጁና ድርጅቱ የተፈራረሙበት የሥልጠና ዕቅድ አለ፣ በየሳምንቱ ምን መሥራት እንዳለብህ ይላል። እሱን ከትምህርት ክፍልህ ኮፒ ወስደህ ከሎግ ቡክህ ጋር ለሚከታተልህ መምህር አሳየው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያየ መምህር አንተ አንድ ቃል መናገር ሳይኖርብህ ይገባዋል። የማይመጣ መምህር ከሆነ አንተ ሂድበት።

ደግሞ ብየዳውን ሲሰጡህ ያለ መነፅርና ያለ ጓንት አትንካው፣ ማንም ቢያስቸኩልህ። ዓይን አይተካም።

ጥያቄ፦ የመጣሁት ከጀልዴሳ በኩል ነው። ታች ክፍል የተማርኩት በሶማሊኛ ነው። እዚህ ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ መምህሩ ሲያብራራ አማርኛ ይቀላቅላል። ሁለቱም ይፈጥንብኛል። ልጆቹ ሲስቁ እኔ ዘግይቼ ነው የምስቀው። ሳልጠፋ አልቀርም።

መልስ፦ እንዳትጠፋ! ለሃ. የጻፍኩትን አንተም አንብበው።

ሲስቁ ዘግይቼ ነው የምስቀው ያልከው ልቤን ነካው። ድሬ እኮ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም በሐረሪም የሚነገድባት ከተማ ናት። መጋላ ገበያ ላይ አንዷ ነጋዴ በሦስት ቋንቋ ዋጋ ስትከራከር ታገኛታለህ። ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው ይሄ ነገር እንደ ጉድለት የሚታየው።

መምህሩን ከክፍል ውጭ አግኘውና ያልገባህ ትምህርቱ ሳይሆን ቋንቋው መሆኑን ንገረው። ብዙ መምህር ዝም የሚል ተማሪ ሲያይ ደካማ ነው ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ካልነገርከው በምን ያውቃል? ቲቶሪያል ካለ ስምህን አስጽፍ። ከዚያ በሶማሊኛ የተማረ፣ በኦሮምኛ የተማረና በአማርኛ የተማረ ሦስት ሆናችሁ ላይብረሪ ቁጭ በሉ። አንድ ደብተር አውጡ፣ በየቀኑ አሥር የሙያ ቃል፤ እንግሊዝኛው፣ ከጎኑ የየራሳችሁ ቋንቋ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያደረጉ ሦስት ልጆች ነበሩ፣ ደብተራቸው ሲመረቁ ለታች ክፍል ልጆች ተላልፎ ሽፋኑ እስኪገነጠል ሲዞር አይቻለሁ።

ኪራዩ ከብዶህ ከሆነም ለተማሪዎች መማክርቱ ንገር። ከገጠር የመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው ክፍል የሚጋሩበትን ሰፈር ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

አጫጭር መልሶች

ክራንች ይዘሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለምትማሪዋ፦ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ በጽሑፍ ጠይቂ፣ በቃል አይደለም። ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ከሆነ ቀላል ነው፤ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሴክሽን ከአንድ ሴክሽን ጋር ክፍል መቀያየር የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሳይጠየቁ ራሳቸው ሊያደርጉት ይገባ ነበር።

ውጤቱ የተሳሳተበት ተማሪ፦ የውጤት ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን አጭር ነው፣ ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ነው የሚያልቀው። ዛሬውኑ ሂድ። መምህሩን መለመን ሳይሆን ፎርሙን መሙላት ነው የሚጠቅምህ።

ከወርክሾፕ የተዋሰው ካሊፐር (መለኪያ መሣሪያ) ጠፍቶበት ክሊራንስ፣ የኮሌጁ ዕቃ እንደሌለበት የሚፈረምበትን ፎርም፣ ሳይጨርስ ሁለት ዓመት ትራንስክሪፕቱን ላልወሰደው፦ ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸኸው የአንድ ካሊፐር ዋጋ ነው። ስቶር ሂድና መጥፋቱን ንገራቸው፣ የሚተካውን ዓይነት ይጽፉልሃል። ወይ ገዝተህ ተካ፣ ወይ ሒሳብ ክፍል ክፈል። ደረሰኙን ኮፒ አድርገህ ኦርጅናሉን ራስህ ጋ አስቀር፣ ከዚያ ያልተፈረመልህን ቦታ አስፈርመህ ፎርሙን በመስኮቷ በኩል ስጣቸው።